ከወገብ በላይ ኒንጃ

ቶሚኤ ሃዛማ ስድሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ሥራዋ የውሃ ቆጣሪ ማንበብ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በኢጋ ከተማ በየሰው ጓሮ እየገባች፣ የቆጣሪውን ክዳን እያነሳች፣ ቁጥሩን እየመዘገበች ወጥታለች። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም ሰው አይቶኝ አያውቅም ብላ ታምን ነበር።

ኢጋ የኒንጃ አገር ናት። በበዓሉ ሰሞን የባንኩ ገንዘብ ተቀባይ ሳይቀር ጥቁር ለብሶ፣ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ነው የሚያስተናግድህ። የባቡሩ ግንባር ላይ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ተስለዋል። ከሩቅ የመጣ ቱሪስት ሚስቱን ጥቁር አልብሶ፣ የላስቲክ ጎራዴ አስይዞ፣ ግድግዳ ላይ አስደግፎ ፎቶ ያነሳታል። ቶሚኤ ይህን ስታይ ሳቋ ይመጣል።

«ኒንጃ እኮ ልብስ አይደለም» ትላለች። «ኒንጃ ማለት ገብቶ፣ አይቶ፣ ሳይታይ የሚወጣ ነው። በዚህ ከተማ እንደዚያ የሚያደርግ አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው። እሱም በየሁለት ወሩ ስንት ውሃ እንደፈጀህ ይነግርሃል።»

አሠራሯ ይታወቃል። ጠጠር አትረግጥም፤ ዳር ዳሩን፣ ሣር ሣሩን ነው የምትሄደው። ለውሻ ፊቷን አታዞርም። ጀርባዋን ሰጥታ «እንዴት ነህ አንተ?» ትለዋለች፤ ውሻው ግራ ይገባውና ተመልሶ ይተኛል። ምሳዋን ደግሞ ቤቷ አትበላም። ቤቷ ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። ግን እዚያ ጡረታ የወጣ ባል አለ፤ ጡረታ የወጣ ባል ባለበት ደግሞ «ለኔስ?» የሚል ጥያቄ አለ። ስለዚህ እኩለ ቀን ላይ ከአቶ ኩቦዴራ የግንብ አጥርና ከወይዘሮ ኢኩኖ የቶፉ፣ የአኩሪ አተር አይብ፣ መጋዘን መካከል ያለችው ጠባብ ክፍተት ውስጥ ትገባለች። እዚያ ቆማ፣ ድቡልቡል ሩዟን ትገምጣለች። ደስ ሲላት ታንጎራጉራለች። ከዚያ እንደ ጭስ ትወጣለች። እንደ ጭስ የሚለው የራሷ ቃል ነው።

ትልቁ ገድሏ ግን ሌላ ነው። በእኛ በሺሞሳካ ሰፈር አርባ ስምንት ቤት አለ። በየዓመቱ መጋቢት ላይ አንዱ ቤት የሰፈሩ ማኅበር ሊቀ መንበር ይሆናል። ሊቀ መንበር ማለት የቆሻሻ መለያ ቦታውን ከቁራ የሚጠብቅ፣ ቦይ የሚያስጠርግ፣ በስፖርት ቀን ገመድ ጉተታ የሚያደራጅ፣ በየወሩ ተነስቶ ሪፖርት የሚያቀርብ፣ ማታ ገላውን ሲታጠብ ስልክ የሚደወልለት ሰው ነው። ቶሚኤ ከዚህ ሹመት ሃያ ስድስት ዓመት አምልጣለች።

ስብሰባ ላይ ኋላ አትቀመጥም። ኋላ የተቀመጠ ፈርቶ ነው ይባልና መጀመሪያ እሱ ይመረጣል። ፊት ለፊትም አትሆንም። ከጫማ መደርደሪያው አጠገብ፣ የግድግዳውን ቀለም የሚመስል ሹራብ ለብሳ ትቀመጣለች። ሰብሳቢው «እንግዲህ ማን ይሁን?» ለማለት አፉን ሲከፍት፣ ገና «እንግ» ላይ ሳለ ሻይ ልታፈላ ወጥ ቤት ትገባለች። ሻዩን ይዛ ስትመለስ ሰው ተመርጧል። እሷም ከሁሉ ቀድማ እንኳን ደስ ያለዎት ትላለች።

ዘንድሮ ተሰናባቿ ሊቀ መንበር ኢኩኖ ነበረች፤ ባለ ቶፉ ቤቷ። አኩሪ አተር ስትፈጭ ከወፍጮው ድምፅ በላይ የምትጮህ ሴት ናት።

«ሁለት ቤት ቀርቷል» አለች። «የሃዛማ ቤትና የኩቦዴራ ቤት። ሌሎቻችን ሁላችንም ቀምሰናታል። እትዬ ቶሚኤ፣ ተቀመጪ! የት ነው የምትሄጂው?»

«ሻይ ላፈላ።»

«ሻይ የለም። ቅጠሉን ደብቄዋለሁ።»

አቶ ኩቦዴራ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጡረታ የወጡ ምክትል ርዕሰ መምህር ናቸው፤ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ግማሹ ሰፈር የተማረው እሳቸው ዘንድ ስለሆነ ሲጠርጉ ሁላችንም ቀጥ ብለን እንቀመጣለን።

«እኔን ወገቤን ያመኛል» አሉ።

«አምና ጉልበቴን ብለው ነበር፣ መምህር።»

«ወደ ላይ እየወጣ ነው።»

«የኔ ባልም ጆሮው አይሰማም» አለች ቶሚኤ ከጫማው አጠገብ። «ሊቀ መንበር ቤት ስልክ ሲደወል ማን ያነሳል?»

«ባልሽ ትናንት ቶፉ ሊገዛ መጥቶ ነበር» አለች ኢኩኖ። «ለሠራተኛዬ በሹክሹክታ 'ትንሿን ስጪው' አልኳት። 'ትልቋን!' አለኝ።»

ሰው ሳቀ። ዕጣ ይጣል ተባለ። ኩቦዴራ ዕጣውን ኢኩኖ ከጻፈችው አልቀበልም አሉ፤ ቶሚኤ ኩቦዴራ ከጻፉት አልቀበልም አለች። አንድ ሰዓት ሄደ። ከግድግዳው ላይ ኩቦዴራ ራሳቸው በብሩሽ የጻፉት አንድ ትልቅ ፊደል ተሰቅሏል፤ ከላይ የስለት፣ ከታች የልብ ምልክት ነው። ኒንጃ የሚለው ቃል የሚጀምረው በዚህ ፊደል ነው፤ መሰወር ማለትም ነው፣ መቻል ማለትም ነው። ኩቦዴራ በየስብሰባው ይህን ያስተምሩናል። «ጥቁር ልብሱና የሚወረወረው የብረት ኮከብ የቱሪስት ማባበያ ነው» ይላሉ። «ዋናው መቻል ነው።»

ኢኩኖ ፊደሉን አየች። ከዚያ ጠረጴዛውን መታች።

«የኢጋ ሰዎች አይደለን? ተደበቁ!»

«ምን?»

«ሁለታችሁም ተደበቁ። እሑድ፣ ቦይ ጠርገን ስንጨርስ። መጀመሪያ የተገኘው ሊቀ መንበር ይሆናል። አለቀ!»

ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ማጨብጨቡ ስብሰባው ስላለቀ ይሁን ስለ ሐሳቡ አይታወቅም።

ቶሚኤ ወደ ቤቷ ስትሄድ ትዘል ነበር ማለት ይቻላል። ድብብቆሽ! ከጡረተኛ መምህር ጋር! ባሏን «እሑድ እኮ አሸንፌ ነው የምመጣው» አለችው። ባሏ አልሰማም።

እሑድ ጠዋት ቦዩ ተጠረገ። ጭቃው በየከረጢቱ ተሞልቶ መንገድ ዳር ተከመረ፤ ሰማያዊ ሸራም ለበሰ። ፈላጊ እንዲሆን የተመረጠው ኦቺ ነው፤ ጡረታ የወጣ ፖሊስ፣ የኩቦዴራ የድሮ ተማሪ። ግንባሩን ከስብሰባ አዳራሹ ምሰሶ ላይ አስደግፎ ዓይኑን ጨፈነ።

«ኩኩሉ!»

«አልነጋም!» አሉ ሁለት ድምፆች። የሁለቱ ዕድሜ ሲደመር መቶ ሠላሳ ሰባት ነው።

«ኩኩሉ!»

«አልነጋም!» አለች ቶሚኤ እየሮጠች። ወዴት እንደምትሮጥ ታውቃለች። ሃያ ስድስት ዓመት ማንም ያላያት ቦታ አላት።

ያላወቀችው አንድ ነገር ነበር። ኢኩኖ ቅዳሜ ዕለት መጋዘኗን ስታጸዳ ትልቁን የአኩሪ አተር መዘፍዘፊያ በርሜል ክፍተቷ ውስጥ ወሽቃዋለች። የቶሚኤ ጭንቅላት ገባ። ትከሻዋ ገባ። ከዚያ በርሜሉ መጣ። ገፋችው። አልተገፋም። ልትመለስ አሰበች።

«ኩኩሉ!»

ጊዜ የለም፤ እስከ ወገቧ በርሜሉ ውስጥ ተደፋች። «ነጋ!» አለች፤ ድምፅዋ በርሜሉ ውስጥ ገብቶ ተንደቀደቀ። ዓይኗ የሚያየው ጨለማ ብቻ ስለነበር ሙሉ በሙሉ ተሰውሬያለሁ ብላ አመነች።

አልተሰወረችም። ከወገቧ በላይ ኒንጃ ነበረች። ከወገቧ በታች ወይዘሮ ሃዛማ ነበረች፤ ቀይና ቢጫ አበባ ያለበት የጓሮ ሥራ ሱሪ የለበሰች ወይዘሮ ሃዛማ፣ እግረኛ መንገዱ ላይ።

ኦቺ በአራተኛው ደቂቃ መጣ። ሱሪውን አየ። ቆመ። ሠላሳ አምስት ዓመት ፖሊስ ሆኖ ሌባ አሳድዷል፤ ሰካራም ከወንዝ አውጥቷል። እንዲህ ያለ ነገር ግን ሥልጠናው ላይ አልነበረም። አንዲትን የተከበረች ጎረቤት ከዚያ በኩል እንዴት ይጠሯታል? ስሟን ቢጠራ እንዳያት ታውቃለች። እንዳያት ካወቀች ደግሞ ከምን በኩል እንዳያት ታውቃለች። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ቆሻሻ ሲያወጡ ምን ይባባላሉ?

ዞረ። አውቆ ሳለ። ሰማይ ሰማዩን እያየ ጮክ ብሎ «እዚህ ማንም የለም» አለ።

ቶሚኤ ይህን ስትሰማ በርሜሉ ላይ ተደፍታ በደስታ ተንቀጠቀጠች። አበቦቹም አብረው ተንቀጠቀጡ።

ሺሞሳካ ውስጥ ሰው በማይመች ሁኔታ ላይ ከሆነ አይታይም። አስተዳደጋችን ነው። ኢኩኖ ባልዲ ይዛ መጣች፤ አየችና የኋሊት ተመልሳ ሄደች። የኦቺ ሚስት መጣች፤ ጃንጥላ ዘረጋች፤ ዝናብ አልነበረም። አንድ መልእክት አድራሽ ከሞተር ብስክሌቱ ወርዶ፣ ከልማዱ የተነሳ፣ ለሱሪው ጎንበስ ብሎ «እንደምን አደሩ» አለና ሄደ። እኔም የጠርሙስ ቆሻሻ ይዤ አለፍኩ። አየሁ። ጠርሙሶቹ እንዳይንኳኩ አቀፍኳቸው።

ሰዓቱ እየሄደ ነው። ኦቺ መምህሩን ማግኘት አለበት፤ አለበለዚያ ተመልሶ ወደ አበባው ሊሄድ ነው። መጋዘኑን አየ፤ የሉም። ቤተ መቅደሱን ዞረ፤ የሉም። በሃያ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ መንገድ መሀል ቆመ። ላቡን ጠረገ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለው። ደረቱን ነፋና ልክ እንደ ጠዋት የክፍል ጥሪ ጮኸ።

«ኩቦዴራ ኤይሳኩ!»

«አቤት!» አለ ሰማያዊው ሸራ።

ሠላሳ ስምንት ዓመት ስም ጠርተው «አቤት» ያላለውን ሲገሥጹ የኖሩ ሰው፣ ስማቸው ተጠርቶ ዝም ማለት አይችሉም። ከጭቃው ከረጢት መሀል በእንብርክክ ወጡ። ኦቺ መጀመሪያ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳቸው፤ ከዚያ «አገኘሁዎት፣ መምህር፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ።

ቶሚኤን ከበርሜሉ ያወጣት ማንም የለም። ራሷ ወጣች። ሁላችንም ፊታችንን አዙረን ጠበቅናት።

አዳራሹ ውስጥ የድል ግብዣ ተደረገ። የአገራችን ደረቅ ብስኩት ቀረበ፤ በእንጨት መዶሻ ካልመቱት የማይሰበረው። ቶሚኤ መሀል ተቀምጣለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ከጫማ መደርደሪያው ርቃለች።

«አጠገቤ ቆሞ ነበር እኮ!» ትላለች። «ኦቺ! ከኔ አንድ ክንድ አይሞላም! 'እዚህ ማንም የለም' አለ። ሰምቼዋለሁ። ትንፋሼን ዋጥኩት።»

«እ... አዎ» አለ ኦቺ፣ ብስኩቱን እያየ።

«ኒንጃ ማለት ይሄ ነው!»

ኩቦዴራ መዶሻውን አስቀመጡ። ጸጉራቸው ላይ አሁንም ጭቃ አለ።

«ወይዘሮ ሃዛማ» አሉ። «ይታዩ ነበር።»

ኢኩኖ መዶሻውን አንስታ ብስኩት መምታት ጀመረች።

«ከሸራው ሥር ሆኜ ሃያ ደቂቃ ሳይዎት ነበር። ቀይ አበባ፣ ቢጫ አበባ። አሥራ ሰባቱን ቆጥሬያለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?» አለች ኢኩኖ።

«ተደብቄ ነበራ!»

ቶሚኤ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመች። «ውሸት ነው» አለች። «ያየኝ አለ? ያያችሁኝ እጃችሁን አውጡ።»

እንዲህ ያለ ጥያቄ በሰፈራችን አይጠየቅም። የብስኩት ፍርፋሪ ስናይ ቆየን። ከዚያ ኦቺ፣ ፖሊስ ስለነበር መሰለኝ፣ እጁን እስከ ትከሻው አነሳ። የኦቺ ሚስት አነሳች። ኢኩኖ አነሳች። እኔም አነሳሁ። አሥራ አንድ እጅ ሆነ።

ፊቷ ተለወጠ። ለሊቀ መንበርነቱ አልነበረም፤ ያን ሁላችንም አየን።

«በሌላውስ ጊዜ?» አለች ቀስ ብላ። «ጓሯችሁ ስገባስ?»

አሥራ አንዱም እጅ እንደተነሳ ቀረ። መልሱ እሱ ነበር።

«ምሳዬን ስበላስ? አጥሩ ጋ?»

«ሰኞ የኮመጠጠ ፕለም» አሉ ኩቦዴራ፤ ድምፃቸው አሁን ለስልሷል። «ዓርብ ዓሣ። ከገላ መታጠቢያ ቤቴ መስኮት ይታያል። ደግሞም ይዘፍናሉ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ዜማው ይጠፋብዎታል።»

«ይህን ሁሉ ዓመት?»

«ማክሰኞ አይመጡም እንጂ።»

ቶሚኤ ቀና አለች። ብስኩቱን አነሳች፣ አየችው፣ አስቀመጠችው። ዓይኗ ውስጥ የሆነ ነገር በራ።

«ማክሰኞ አልመጣም?»

«አይመጡም። ማክሰኞ ዘፈን የለም።»

«እሺ» አለች ቶሚኤ፤ ተነሳች። «ታይቻለሁ። መጀመሪያ የታየሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ሊቀ መንበርነቱን እቀበላለሁ።»

ሰው በደስታ ሊያጨበጭብ ሲል እጇን ዘረጋች።

«ሊቀ መንበር ሪፖርት ያቀርባል አይደል? የመጀመሪያውን አሁን ላቅርብ። ርዕሱ፦ ሃያ ስድስት ዓመት በሺሞሳካ ጓሮዎች።»

ኢኩኖ መዶሻውን አስቀመጠች።

«እናንተ አይታችሁኛል፤ ጥሩ። እኔም አይቻለሁ። ስም አልጠራም። ሐሙስ ሐሙስ አንዲት የታወቀች ባለሙያ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ባዶ ዕቃ አለ። የሌላ ከተማ ቶፉ ዕቃ ነው።»

የኢኩኖ ጆሮ ቀላ።

«ሐኪም ጥብስ የከለከለው አንድ ጡረተኛ ደግሞ ከቆጣሪው ጎን ቆሞ፣ ጥብሱን...»

«እትዬ ቶሚኤ» አለ ኦቺ።

«ኧረ ትናገር» አለች የኦቺ ሚስት። «ጥብስ?»

«ባለፈው ነሐሴ ሦስት ቀን ፍል ውሃ ሄደናል ብላችሁ ስጦታ ያከፋፈላችሁ ቤት አላችሁ። ቆጣሪ አይዋሽም። ቤታችሁ ነበራችሁ፤ ገላችሁንም በደንብ ታጥባችኋል። እሺ፤ ወደ ማክሰኞ ልምጣ።»

ኩቦዴራ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ማንም ቀጥ ብሎ አልተቀመጠም።

«ማክሰኞ አልዘፍንም፣ ጋሼ። ማክሰኞ የማየው ስላለኝ ነው። አጥሩ ላይ አንድ ጡብ ወልቋል። በእሱ ቀዳዳ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ከአንድ የፍሬ ዛፍ ፊት፣ ከእግር ጥፍሩ እስከ ራሱ ጥቁር የለበሰ ሰው አያለሁ። በእጁ የብረት ኮከብ...»

«እኔ እሆናለሁ!» አሉ ኩቦዴራ። ወገባቸውን የሚያማቸው ሰው በአንድ ዝላይ ተነሱ። «ሊቀ መንበር እኔ እሆናለሁ! ተገኝቻለሁ፤ ሕጉ ግልጽ ነው!»

«ተመረጡ!» ጮኸች ኢኩኖ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ስለ እኔ ጓሮ ምን እንደምታውቅ አላውቅም፤ ከሁሉ ቀድሜ ያጨበጨብኩት ግን እኔ ነኝ።

ጭብጨባው ሲበርድ ኩቦዴራ ወደ ቶሚኤ ጎንበስ አሉ። «ስንት ማክሰኞ?» አሉ በሹክሹክታ።

«ጡረታ ከወጡ ጀምሮ።»

«ሁሉንም?»

«አንድም ቀን መተው አላየሁም።»

«ሳላይዎት?»

«ሳያዩኝ» አለች፤ ድፍን ጨረቃ መሰለች። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ፊደል በአገጯ አሳየቻቸው። «መቻል ማለት ነው ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። እንግዲህ ይቻሉት።»

በማግስቱ ኩቦዴራ የሰፈሩን ተዘዋዋሪ ማስታወቂያ ይዘው ቤት ለቤት ሲዞሩ ታዩ። ማስታወቂያው ላይ ከወንበር ጥገናና ከቁራ መረብ ቀጥሎ አንድ መስመር ነበረ፦ በመንገድ መተላለፊያዎች ላይ በርሜል ማስቀመጥ ክልክል ነው።

ማክሰኞ ቶሚኤ ስድስት ሰዓት ላይ ክፍተቷ ጋ ደረሰች። በርሜሉ ተነስቷል። መሬቱ ላይ አንዲት ትንሽ መቀመጫ ተነጥፋለች፤ አጠገቧ ክዳን ያለው የሻይ ኩባያ ይተናል። ቶሚኤ ግራ ቀኝ አየች። ተቀመጠች። ጠጣች። ከዚያ ዓይኗን ከወለቀው ጡብ ላይ አደረገች።

ጥቁር የለበሰው ሰው ዛፉ ፊት ቆሟል። ወረወረ፤ ሳተ። ወረወረ፤ የጎረቤት ጣሪያ ነካ። ሦስተኛውን ለረጅም ጊዜ በእጁ ይዞ ቆየ። ከዚያ ወረወረ።

ጧ!

ኮከቡ ግንዱ መሀል ተተከለ። የሰባ አራት ዓመቱ ሰው መጀመሪያ ደነገጠ። ከዚያ ሁለት እጁን ሰማይ ሰቀለ፤ ጓሮውን እየዞረ ዘለለ፤ «እሰይ! እሰይ!» እያለ የልብስ ማስጫውን ገመድ ጥሶ አለፈ። የሚስቱ አንሶላ ትከሻው ላይ ተጠምጥሞ ቀረ። ድንገት ቆመና ወደ አጥሩ ዞረ።

ቶሚኤ ፊቷን አዞረች። አውቃ ሳለች። ሰማይ ሰማዩን እያየች ጮክ ብላ «እዚህ ማንም የለም» አለች።